ጣሪያ

ሰኔ ሃያ ሰባት፣ ምሽት፣ ማዘጋጃ ቤት፤
እኔ፣ አንድ አምፖልና አምስት ኪሎ በጀት።
ከላይ የወረደችው ደብዳቤ አጭር ናት፦
«ጣሪያው ዝቅ ብሏል፤ ዕቅዱን አስተካክሉት።»

ቀና ብዬ አየሁት። እውነትም ዝቅ ብሏል።
ቆርቆሮው ከከረመ ጀምሮ ያፈሳል፤
ከሥሩ ባልዲ አለ፤ ባልዲው ያዳምጣል።
ሰዉ በከተማው «ጠብ የሚል የለም» ይላል፤
እዚህ ቢመጣ ግን ሌሊቱን ጠብ ይላል።

በመስኮቱ ማዶ ግንቡ ጨለማ ለብሶ ቆሟል፤
ጣሪያ የሌለው አዳራሽ ዝናብ ያስተናግዳል።
የጥንቶቹ ለእኛ ግድግዳ አወረሱን፤
ጣሪያውን ግን ዘመን ቀድሞ ወሰደብን።
እኛ በተራችን ጣሪያ ብቻ ሠራን፣
ግድግዳ የሌለው፣ በቁጥር የተማገረ፣
በየሰኔው አንድ ስንዝር እየወረደ ያስቸገረ።

ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ።

ስልሳ ሁለት አሥራ አንድ፤ የደንብ ልብስ፣ ጓንት።
እነ ውድነሽ ናቸው፣ ጎህ ሳይቀድ ከፒያሳ ቁልቁል የሚጠርጉት።
ጓንት ያለ እጅ ከንቱ ነው፤ እጅ ግን ያለ ጓንት ይኖራል፤
እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ሰው ለካ በቀላሉ ያምናል።

ስልሳ ሁለት አሥራ ሰባት፤ ነዳጅ፤ አምቡላንስ።
ግማሽ።
ከአዘዞ ምጥ ይዟት ለምትመጣ ሴት
ግማሽ መንገድ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም።
ሄጄ አላየሁም። ሠንጠረዡ ውስጥም የለም።

የመንገድ መብራት ጥገና። የቤተ መጻሕፍቱ የማታ ፈረቃ።
በመቃብር አጥር ሥር በሌሊት እንደሚያልፍ ሰው
ቶሎ ቶሎ አለፍኳቸው።

ከዚያ የኮንትራት ሠራተኞች።
የውሃ መስመር ከፋች፤ ሁለት የነበረው፣ አንድ።
ተራው የጋሽ ይርሳው ነው።

ጋሽ ይርሳው ቁመቱን የሚያክል የብረት ቁልፍ ተሸክሞ
ሃያ ሁለት ዓመት ዞረ፤ ማክሰኞ ማራኪ፣ ሐሙስ አራዳ፣ ቅዳሜ እኛ ሰፈር።
የአንገረብ ውሃ የማንን ደጅ መቼ እንደሚያንኳኳ
ካርታው አያውቅም፤ የእሱ ጉልበት ነው የሚያውቀው።
እናቱ ምን ሐዘን ነበረባት? ይርሳው ብላ ስም አወጣች።
እኔም ስሙን ታዘዝኩ፤
በአንድ ጭረት ረሳሁት።
መስመር ወረቀት ላይ ሲሰረዝ ድምፅ የለውም፤
መስመር ከመሬት በታች ሲደርቅም እንዲሁ ነው።

ሐምሌ ገባ።
ሰማዩ በጀት አያጸድቅም፤ እንዳሻው ያዘንባል።
ጎርፉ በደጃችን ያልፋል፤ የቧንቧችን አፍ ደርቋል።
አንጓች በርሜሏን ከአሸንዳው ሥር ደቅና
«ከቢሮህስ ጣሪያዬ ይሻላል!» አለችኝ።
ነገሩ ገብቷት ይሁን ሳይገባት፣ አልጠየቅኳትም፤
ማን እንደሰረዘው ግን አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ቧንቧው አሳለ። ዝገት ተፋ። ዝም አለ። ደግሞ አሳለ።
ከዚያ ውሃ።
በርሜል፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ የልጄ መታጠቢያ ሳፋ፤
ሰፈሩ ሁሉ ከነጋቢው ወጥቶ ይቀዳል፣ ይስቃል።
በመስኮት አየሁ፤ መታጠፊያው ላይ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ
አንድ ሽማግሌ ዝናቡ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ብረት ይጠመዝዛል።
ቅዳሜ ነበር።
ደመወዝ የለው፣ መደብ የለው፤
በየትኛው መስመር እንደማስገባው አሰብኩ፤ የሥራ ልማድ ነው።

ሰኞ፣ በቅዳሜው ውሃ ታጥቤ ቢሮ ገባሁ።
ጠረጴዛዬ ላይ የኃላፊው ማስታወሻ፦
«የመንግሥት ንብረት የሆነ ቁልፍ፣ ብዛት አንድ፣
በሰባት ቀን ውስጥ እንዲያስረክብ ይጻፍለት።»
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ድሮም እኔ ነበርኩ።

«ለአቶ ይርሳው...» ብዬ ጀመርኩ።
ጠብ አለ፣ ወረቀቱ ላይ።
ቀና አልኩ።
ዝናቡ አባርቷል። ባልዲው ጸጥ ብሏል።
ጣሪያው ደረቅ ነው።